መንግሥት ይነስ ሲባል ምኑ ይነስ?

ባለፈው ዓመት አጎቴ ከአባታቸው በውርስ ያገኙትን ቤት ስም ሊያዛውሩ ወደ አንድ የከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አምስት ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒዩተር፣ እስከ ጣሪያው የተደረደረ ፋይል። ተራችን ደርሶ ወረቀቱን ስንዘረጋ ሠራተኛዋ በትሕትና «አባባ፣ ሲስተም የለም፤ ሰኞ ይምጡ» አለች። ሰኞ ሲስተሙ ሠራ፤ ፋይሉ ግን ከመዝገብ ቤት አልወጣም። ሐሙስ ፋይሉ ወጣ፤ የሚፈርሙት ኃላፊ ግን ስብሰባ ላይ ነበሩ። በአራተኛው ምልልስ ከግቢው ስንወጣ አጎቴ «ይህ ሁሉ መንግሥት ምን ይሠራልናል?» አሉ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ ከጎረቤት ግቢ ስትወጣ አገኘናት። ያን ሁሉ ሰፈር የምታዳርሰው ብቻዋን ነበር። «ለዚህ ሁሉ ሕፃን አንዲት ልጅ ብቻ?» አሉ አጎቴ፣ ከጠዋቱ ባልተናነሰ ቅሬታ።

ጠዋት መንግሥት በዝቶባቸው፣ ከሰዓት በኋላ መንግሥት አንሷቸው መሆኑ ነው። ሁለቱም ቅሬታዎች እውነት ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይቃረኑም። የመንግሥትን መጠንና ሚና ስለ መቀነስ የሚደረገው ክርክር በዓለም ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው፤ በአገራችንም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የዕለት ተዕለት ኑሯችንን በሚነካ መልኩ ወደ ተግባር ገብቷል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚደናገረው እነዚህን ሁለት ቅሬታዎች በአንድ ሚዛን ለመመዘን ስለሚሞከር ይመስለኛል።

ለመደናገሩ ቃላችንም ድርሻ አለው። በአማርኛ «መንግሥት» ስንል በሥልጣን ላይ ያለውን አስተዳደር፣ አስተዳደር ቢለወጥም የማይለወጡትን ተቋማት፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበር፣ መብራት ኃይልንም፣ ፍርድ ቤቱንም በአንድ ስም መጥራታችን ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባልበት ከነበረው ዘመን ጀምሮ መንግሥትን እንደ አንድ አካል፣ እንደ አንድ ክንድ ማየት ለምደናል። ስለዚህ «መንግሥት ይነስ» የሚል ንግግር ሲሰማ አንዱ ግብር ሊቀነስ ነው ብሎ ደስ ይለዋል፤ ሌላው ከሥራ ልባረር ነው ብሎ ይሰጋል፤ ሦስተኛው የመንግሥት ድርጅቶች ለባዕድ ሊሸጡ ነው ብሎ ይቆጣል። ሦስቱም ስለተለያየ ነገር እያሰቡ በአንድ ቃል ይከራከራሉ።

ነገሩን ለማጥራት መንግሥት በአራት መልኩ ትልቅ ወይም ትንሽ ሊሆን እንደሚችል ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ኪሱ ነው፤ ይኸውም ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ምን ያህሉን ሰብስቦ ምን ያህሉን እንደሚያወጣ ነው። ሁለተኛው ንብረቱ ነው፤ ባንኩ፣ ፋብሪካው፣ መሬቱ የማን ነው የሚለው። ሦስተኛው የፈቃድ ሥልጣኑ ነው፤ ዜጋው ለመነገድ፣ ለመሥራት፣ ከውጭ ዕቃ ለማስመጣት፣ ዶላር ለማግኘት ስንት በር ማንኳኳት አለበት የሚለው። አራተኛው ደግሞ አቅሙ ነው፤ አደርገዋለሁ ያለውን ነገር በእርግጥ ማድረግ ይችላል ወይ የሚለው። አንድ መንግሥት በአንዱ ግዙፍ፣ በሌላው ኮሳሳ ሊሆን ይችላል፤ የእኛም እንዲሁ ነው።

በኪስ ስንለካ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ትንንሾቹ አንዱ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ከግማሽ በላይ ያወጣል፤ ስዊድን ከ45 በመቶ በላይ፣ ሁልጊዜ የትንሽ መንግሥት አገር እየተባለች የምትጠቀሰው አሜሪካ እንኳ ፌዴራሉ፣ ግዛቶቹና ከተሞቹ ሲደመሩ ከ35 በመቶ በላይ። ኢትዮጵያ ውስጥ በግብር የሚሰበሰበው ከጠቅላላ ምርቱ ከ7 እስከ 8 በመቶ ገደማ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ ይህም ከሰሐራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች አማካይ ግማሽ ያህል ነው። ለ2018 የበጀት ዓመት የጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር ሲጠራ ጆሮ የሚያደነቁር ቢመስልም፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ሲካፈልና በብሩ የመግዛት አቅም ሲመዘን ብዙ አይደለም። በንብረትና በፈቃድ ስንለካ ግን ያው መንግሥት ግዙፍ ነው። መሬት በሙሉ በእጁ ነው፤ ትልቁ ባንክ የእሱ ነው፤ መብራቱ፣ ባቡሩ፣ መርከቡ የእሱ ነው። ባጭሩ ኪሱ ጠባብ፣ እጁ ረጅም የሆነ መንግሥት ነው ያለን። አጎቴን ያማረራቸው እጁ ነው፤ ክትባት የያዘችውን ልጅ ብቻዋን ያስቀራት ኪሱ ነው።

እጁ እንዲህ የረዘመበትን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው የተፈጸመው በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን ወረሰ። በጥር ወር 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ሲወስድ በሌሎች 29 ድርጅቶች ደግሞ አብላጫውን ድርሻ ያዘ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ወደ መንግሥት ዞሩ። ቀጥሎም የግል ባለ ሀብት በኢንዱስትሪ ከ500,000 ብር፣ በጅምላ ንግድ ከ300,000 ብር፣ በችርቻሮ ከ200,000 ብር በላይ ካፒታል እንዳይኖረው ጣሪያ ተቀመጠ። የገጠር መሬት አዋጁ ጭሰኛውን ከባለ ርስቱ ቀንበር አላቅቋል፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይደለም። ዳሩ ግን ጭሰኛውን ከባለ ርስቱ ያላቀቀው እጅ ራሱ ወዲያው ባለ ርስት ሆነ፤ ገበሬው እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ በኮታ እንዲያስረክብም አደረገው።

በ1983 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው ኢሕአዴግ የዕዝ ኢኮኖሚውን በከፊል ፈታ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ ዶላር 2.07 ብር የነበረው ምንዛሪ 5 ብር ሆነ፤ በ1986 ዓ.ም. የመንግሥት ልማት ድርጅቶችን የሚያዛውር ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ የግል ባንክ ተፈቅዶ አዋሽ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን «ልማታዊ መንግሥት» የሚለው አስተሳሰብ ገነነ። ይህ አስተሳሰብ የደቡብ ኮሪያንና የታይዋንን ልምድ ምሳሌ አድርጎ፣ በድሃ አገር ገበያው ብቻውን መንገድ፣ ግድብና ፋብሪካ አይሠራም፤ መንግሥት ቁጠባውን አሰባስቦ ወደ መረጠው ዘርፍ ማፍሰስ አለበት ይላል። ክርክሩ መሠረት አለው። የሕዳሴው ግድብ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ሲጀመር ገንዘቡን የሚያበድር የውጭ አበዳሪ አልነበረም፤ ለግል ባለ ሀብትም የሚሞከር ሥራ አልነበረም፤ በአገር ውስጥ ገንዘብ ተሠርቶ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን በዚያው 2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ እያንዳንዱ የግል ባንክ ከሚያበድረው አዲስ ብድር 27 በመቶ ያህሉን የመንግሥት ሰነድ እንዲገዛበት አስገደደ። መመሪያው እስኪነሣ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ባንኮቹ በስም የግል ነበሩ፤ ከሚያበድሩት ገንዘብ ጎን ከሩብ በላይ የሚሆነው ግን ወዴት እንደሚሄድ መንግሥት ይወስን ነበር። መንግሥት እጁን ለማስረዘም ባለቤት መሆን እንኳ እንደማያስፈልገው ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

የዓለሙን ክርክር በጥቂቱ ላንሣ። ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በ1979 በብሪታንያ፣ ሮናልድ ሬገን በ1981 በአሜሪካ ሥልጣን ሲይዙ መንግሥትን ማሳነስ የዘመኑ መፈክር ሆነ። ሬገን በቃለ መሐላ ንግግራቸው መንግሥት የችግራችን መፍትሔ አይደለም፣ ችግሩ ራሱ መንግሥት ነው ማለታቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ጠቃሾቹ ግን ብዙ ጊዜ «በአሁኑ ቀውስ» የሚለውን የዐረፍተ ነገሩን መነሻ ይተዉታል። በእሳቸው ዘመን የፌዴራል መንግሥቱ ዕዳ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ማደጉም አብሮ አይነገርም፤ ግብር ቢቀነስም የመከላከያ ወጪው ጨምሮ ነበርና። በእኛ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የተቋቋመውና በመጀመሪያዎቹ ወራት ኤሎን መስክ የመሩት የመንግሥት ቅልጥፍና ክፍል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አሰናበተ፤ የፌዴራሉ ጠቅላላ ወጪ ግን በዚያ ዓመት አልቀነሰም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በአብዛኛው የሚሄደው ለጡረታ፣ ለጤና መድን፣ ለመከላከያና ለዕዳ ወለድ ነው እንጂ ለጸሐፊና ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ አይደለም።

ያ ዘመቻ ለእኛም ሩቅ አልነበረም። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅት ሥራው ሲቋረጥ፣ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎችን ውል ለማቋረጥ ተገደደ። ዋሽንግተን ውስጥ «የመንግሥት ብክነት» ተብሎ የተሰረዘው መስመር እዚህ ኤች አይ ቪ የሚመረምርና መድኃኒት የሚያድል ሰው ደመወዝ ነበር። የራሳችን መንግሥት ኪስ ጠባብ መሆኑም በዚያን ጊዜ ጎልቶ ታየ፤ ሌላው እጁን ሲያነሣ ሊተካው አልቻለምና።

አሁን ወደ ንብረቱ ጥያቄ እንምጣ፤ ብዙ ስሜት የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ኢሕአዴግ ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮምን፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድን፣ የኤሌክትሪክ ኃይልንና የባሕር ትራንስፖርትን በከፊል፣ የስኳር ፋብሪካዎችን፣ የባቡርንና የሆቴል ድርጅቶችን ደግሞ በሙሉ ወይም በከፊል ወደ ግል እንደሚያዛውር ባስታወቀ ጊዜ አገሩ በሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። የመሸጥ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ዋና መከራከሪያ የባለቤቱን ባሕርይ የሚመለከት ነው። ገንዘቡ የማንም ካልሆነ የሚቆጨው ሰው አይኖርም፤ ድርጅቱ ቢከስርም መንግሥት እንደማይጥለው ስለሚያውቅ ለክስረት አይጠነቀቅም፤ ሥራ አስኪያጁም የሚሾመው በሙያ ሳይሆን በታማኝነት ይሆናል። ይህ ባዶ ሥጋት አለመሆኑን ያየነው በገዛ ባንካችን ነው። የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለስኳር፣ ለኃይልና ለባቡር የወሰዱት ብድር ሳይመለስ ተከምሮ፣ ባንኩን ከውድቀት ለመታደግ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት የዕዳ ሰነድ እንዲወጣ አጽድቋል። ይህ ገንዘብ በመጨረሻ የሚከፈለው ከግብር ነው። በዕቅዱ ስኳር ለውጭ ገበያ ልናቀርብ ነበር፤ ዛሬም ስኳር ከውጭ እናስመጣለን።

ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው አየር መንገዱን ይጠራሉ፤ ትክክልም ናቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከተቋቋመበት ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ነው። ንጉሡ፣ ደርግና ኢሕአዴግ ተፈራርቀውበታል፤ እሱ ግን ከአፍሪካ ትልቁና በትርፋማነቱ የታወቀ አየር መንገድ ሆኗል። የመንግሥት ንብረት ሁሉ ይከስራል የሚል ሰው ለዚህ መልስ ሊኖረው ይገባል።

መልሱ ያለው በባለቤቱ ማንነት ላይ አይመስለኝም። አየር መንገዱ ከቦሌ በተነሣ ቁጥር ከኤሚሬትስ፣ ከተርኪሽና ከኬንያ አየር መንገድ ጋር ይፎካከራል፤ ተሳፋሪው ካልተመቸው ሌላ ትኬት ይቆርጣል፤ ለአውሮፕላን መግዣ የሚያበድሩትም የውጭ ባንኮች ሒሳቡን ያያሉ። በተጨማሪም አገዛዞቹ በአብዛኛው ሙያውን ለባለሙያዎች ትተውታል። ስኳር ፋብሪካው ግን ተፎካካሪም፣ ጥያቄ የሚያቀርብ አበዳሪም አልነበረውም። በተሸጡት ድርጅቶችም ያው ነገር ይታያል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1990ዎቹ መባቻ ለፈረንሳዩ ካስቴል፣ ሐረርና በደሌ በ2003 ዓ.ም. ለሄኒከን በ163 ሚሊዮን ዶላር፣ ሜታ በ2004 ዓ.ም. ለዲያጆ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ፤ ዳሽንና ሐበሻም ከጎን ስላሉ ፉክክሩ ጦፈ፤ ምርቱ አደገ፤ የቢራ ገብስ የሚያመርተው የአርሲ ገበሬም ገበያ አገኘ። የትምባሆ ድርጅቱ ደግሞ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ለጄቲአይ በሁለት ዙር ሲሸጥ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። ለግምጃ ቤቱ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን የተሸጠው ብቸኛ አምራች የሆነ ድርጅት ስለነበር ለገበያው ፉክክር የጨመረው ነገር የለም። ብቸኛነትን ከመንግሥት እጅ ወደ ግል እጅ ማዛወር መንግሥትን ማሳነስ ሊባል አይገባውም፤ ኃይሉ አልተበተነም፤ ባለቤቱ ብቻ ነው የተለወጠው።

ቴሌኮሙ ከዚህ አንጻር የሚያስተምር ጉዳይ ነው። ስልክ በኢትዮጵያ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ ሲሰጥ የኖረ አገልግሎት ነበር። ዘርፉን ለመክፈት በተወሰነ ማግሥት መንግሥት በመጀመሪያ ተቆጣጣሪ አቋቋመ፤ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ተመሠረተ። ከዚያ በሳፋሪኮም ለሚመራው ጥምረት በግንቦት 2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ሰጠ፤ አገልግሎቱም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ ጭምር ተከፈተ። ኢትዮ ቴሌኮም ተፎካካሪው ገና ሳይገባ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ የድምፅና የዳታ ዋጋውን 40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር፤ ሊመጣ ያለ ፉክክር ወሬው እንኳ ይሠራል ለማለት ያስደፍራል። የድርጅቱ ድርሻ ለሕዝብ የቀረበው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው፤ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱ በ300 ብር፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ 33፣ ቢበዛ 3,333። በአራት ወር ውስጥ የተሸጠው ከቀረበው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ሲሆን ከ47,000 በላይ ሰዎች ወደ 3.2 ቢሊዮን ብር አዋጥተዋል። ብዙዎች ይህን እንደ ውድቀት ቆጠሩት። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ልክ ነበር እላለሁ፤ በመጀመሪያ ዳኛ፣ ከዚያ ተፎካካሪ፣ በመጨረሻ ሽያጭ። ብሪታንያ ባቡሯን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስትሸጥ ሐዲዱን ለአንድ የግል ኩባንያ ሰጥታ በቂ ቁጥጥር ሳታደርግበት ቀረች፤ ኩባንያው በ2001 ወድቆ ሐዲዱ ወደ ሕዝብ እጅ ተመልሷል።

መንግሥት ለቅቆ በወጣበት ቦታ ሁሉ ነፃ ገበያ ይተካል ብሎ ማሰብም ሌላ ስሕተት ነው። የማዳበሪያ ንግድ በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ለግል አስመጪዎች ተከፍቶ ነበር። ይሁንና ገበሬው ማዳበሪያውን የሚወስደው በክልል መንግሥታት ዋስትና በሚሰጥ ብድር ስለነበር፣ የብድሩን መንገድ የያዘ ገበያውን ያዘ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ነፃዎቹ ነጋዴዎች ወጡ፤ ከገዥው ፓርቲ ጋር ቅርበት ያላቸው ኩባንያዎች ቦታውን ያዙት፤ በኋላም ሥራው በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ዞሮ ወደ መንግሥት ድርጅት ተመለሰ። በየክረምቱ መግቢያ ማዳበሪያ ዘገየ ብሎ የሚጮኸው ገበሬ የሚከፍለው የዚህን ግማሽ መንገድ ዋጋ ነው። ንግዱ ክፍት ተባለ እንጂ ብድሩ፣ ዋስትናውና ፈቃዱ የተዘጋ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወሰደው እርምጃ ደግሞ መንግሥት እጁን ከአንድ ዋጋ ላይ በአንድ ጀንበር ያነሣበት ነው። እስከዚያ ቀን የዶላርን ዋጋ ብሔራዊ ባንክ ይወስን ነበር፤ አስመጪው ለወራት ተራ ይጠብቃል፤ ያልቻለው ወደ ጥቁር ገበያ ይሄዳል፤ ዶላሩን በመንግሥት ዋጋ ያገኘ ሰው ደግሞ ምንም ሳይሠራ ያተርፋል። እንዲህ ዓይነቱ ፈቃድ አዳይነት የሙስና ምንጭ መሆኑን ለማወቅ ጥናት አያሻም። ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ድጋፍ ሲፈቅድ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቡና ላኪውና ዘመዶቹ ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ ገንዘብ የሚልኩለት ቤተሰብ ተጠቀሙ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ የሚገዙት ጡረተኛ ግን የመድኃኒቱ ዋጋ ሲወጣ ጡረታቸው ባለበት ነበር። እርምጃው መዘግየቱ ነው እንጂ መወሰዱ አይደለም ስሕተቱ ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም መንግሥት ከአንድ ቦታ እጁን ሲያነሣ ሸክሙ ወደ ማን ትከሻ እንደሚወርድ ሳይነገር የሚደረግ ማሻሻያ እውነተኛ ማሻሻያ አይደለም። በዚያን ጊዜ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በወር 1,100 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. 4,760፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም. 6,000 ብር ሆኗል፤ የዲግሪ ምሩቅ መነሻም ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አድጓል።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ተቺ «መንግሥት ይነስ እያልን ደመወዝ ይጨምራል?» ይላል። ጥያቄው የአራቱን መልኮች መደባለቅ እንደገና ያሳያል። ሲስተም የለም ያለችን ሠራተኛ ደመወዟ የቤት ኪራይ ካልሸፈነ ሰውን ማመላለስ ራሱ የገቢ ምንጭ ይሆናል፤ ያችኛዋ እንዲህ አላደረገችም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግን ይህን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። የሚኒስቴሮቹ ቁጥር በ2011 ዓ.ም. ከ28 ወደ 20 ሲወርድ፣ በ2014 ዓ.ም. ወደ 22 ሲመለስ በአጎቴ ጉዳይ ላይ የሚያርፈው የፊርማ ብዛት አልተለወጠም። የሚያስፈልገው ፊርማውን መቀነስ፣ ፈራሚውን ደግሞ በደንብ መክፈል ነው። ይህም በበጀት መዝገብ ላይ የመንግሥት ማደግ ሆኖ ይጻፋል፤ ለዜጋው ግን መንግሥት ቀለል ማለቱ ነው።

ስለ አቅሙም ቢሆን ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን አሠልጥኖ በደመወዝ አሰማራ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ የነበሩ ሕፃናት ከ1,000 ውስጥ 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 67 ሆኑ። ከመንገዱም፣ ከምግቡም፣ ከትምህርቱም የተገኘ ውጤት ቢሆንም የእነዚያ ሴቶች ድርሻ ትልቅ ነው። ይህን ሥራ ለትርፍ ብሎ የሚሠራው ኩባንያ የለም፤ ክትባት የተከተበው ልጅ የሚጠብቀው ያልከፈለውን የጎረቤቱን ልጅ ጭምር ነውና። መንግሥት መጠንከር ያለበት እንዲህ ባለው ቦታ ነው፤ በክትባት፣ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት፣ በፍርድ ቤት፣ በመንገድ፣ በትክክለኛ አኃዝ።

የቀረው ትልቁ ጉዳይ መሬት ነው። ባንኩ ለውጭ ባለ ሀብት ተፈቅዷል፤ ምንዛሪው ተለቅቋል፤ ቴሌኮሙ ተከፍቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ግን የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን፣ መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ይደነግጋል፤ ይህ አልተነካም። አይነካ የሚሉት ገበሬው በአንድ ክፉ ዓመት መሬቱን ሸጦ ከተማ ለልመና ይወጣል ብለው ይሰጋሉ፤ ሥጋቱ በ1966ቱና በ1977ቱ ድርቅ ለቆሰለ አገር ቀላል አይደለም። ይነካ የሚሉት ደግሞ መሬቱ የመንግሥት እስከሆነ ድረስ ገበሬውም፣ ከከተማ ዳር የሚኖረውም በማንኛውም ቀን «ለልማት» ተብሎ ሊነሣ ይችላል፤ ተበድሮም ሊሠራበት አይችልም ይላሉ።

በሁለቱ መካከል ግን ከሃያ ዓመት በላይ የተሠራበት አንድ መንገድ አለ። በትግራይ በ1990 ዓ.ም. ተጀምሮ ወደ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ የተስፋፋው የይዞታ ማረጋገጫ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ አባ ወራዎችና እማ ወራዎች ደብተር ሰጥቷል። የአያቴን አይቼዋለሁ፤ ከሳጥናቸው ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አረንጓዴ ደብተር ነው፤ በውስጡ የእሳቸውም የሟች ባላቸውም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ የማሳው አዋሳኝ በሰሜን የእገሌ፣ በደቡብ ወንዝ እየተባለ በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ያ ደብተር መሬቱን አልሸጠም፤ መንግሥትንም ባለቤትነቱን አላስለቀቀም። የቀበሌው ሰው ነገ ተነሥቶ ማሳውን ለሌላ እንዳይሰጠው ግን እጁን ያስራል። አያቴም የድንበር ክርክር በተነሣ ቁጥር ደብተሩን ይዘው ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ ሁለት ጊዜም ረትተዋል።